በይግባኙ የተዘጋው በር

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ተረዳ፤ ይግባኝ ማለት ብቻውን የፍርድ ቤቱን ትዕዛዝ አያቆመውም። ዳኛው እግድ እስኪሰጡ ድረስ ልጅህ ቅዳሜና እሁድ እናቷ ዘንድ መሆን አለባት። እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ።

በስልክ «ይግባኝ ብለናል፤ በሩን እንዳትከፍት» ስላልከኝ ባለፈው ቅዳሜ አልከፈትኩም። ልትወስዳት የመጣችው እናቷ ከደጅ «አባባ፣ እርስዎም?» ብላ ሄደች። ጠበቃህ ሲሰማ «ጋሼ፣ ጉድ ሠራችሁኝ! ትዕዛዙን ጥሳችሁ አሁን በምን አፌ እግድ ልጠይቅ?» አለ።

ያን ዕለት ልጅህ ቦርሳዋን አንግታ ከውስጥ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ነበር። ፊደል የምታጠናው ጭኔ ላይ ነበር፤ አሁን ወንበሯን ወስዳ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። ለብርሃኑ ይሆናል።

በመጪው ቅዳሜ በሩን እከፍታለሁ፤ እሁድ ማታ ስትመለስ የምትተኛበትን አልጋ ከአሁኑ አንጥፌያለሁ።

ጤናህን ጠብቅ። በሩን ያስዘጋኸኝ አንተ መሆንህን ለልጅህ በእጅህ ጻፍላት፤ ቶሎ መልስ።

አባትህ