ረቢአን ካጠብኩ ወዲህ

ሚያዝያ 4 ቀን 2003
ሙቀቱ ከረፋዱ ያቃጥላል። ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት ሳልገዛ ተመለስኩ። ሻጯ ቀልዳ አሳቀችኝ... ሳቄ ሳያልቅ ሽንቴ አመለጠኝ። ቀሚሴ ጥቁር ነው፣ አልሐምዱሊላህ። አስተማሪ ሳለሁ ልጆቹ "ሽንት ቤት ልሂድ" ሲሉኝ "ቆይ!" እል ነበር። አሁን የራሴን ፊኛ "ቆይ" ብለው ማን ሊሰማኝ?
ከቤት ስወጣ ውኃ ባልጠጣ ይሻላል።

ሚያዝያ 9
ጎረቤታችን ጀይሉ ቤት ወዳጃ ነበር። ሴቱ ሁሉ ለዱዓ ተቀምጦ ዋለ። "ራሴን አመመኝ" ብዬ ቀረሁ። ባለፈው ጉልበቴን ነበር። የማሳብብበት አካል እያለቀብኝ ነው።
ለሶላት ታጥቤ ዉዱእ አድርጌ ሳልሰግድ ሽንቴ አምልጦ ይፈርሳል። እንደገና... እንደገና። ሌላ ሴት ብትጠይቀኝ "ሕመም ነው፣ ለየሶላቱ ዉዱእ አድርጊና ስገጂ" እላት ነበር። ለራሴ ሲሆን አፈርኩ።

ሚያዝያ 10
ጓሮ ያሰጣሁትን ጨርቅ ስሰበስብ ደነገጥኩ። የረቢአ መሰለኝ።
መጻፍም አልነበረብኝም። ግን ለማን ልተንፍስ? የሰፈሩን ሴቶች ጀናዛ የማጥበው እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ረቢአ ጥር ላይ ስትሞትም ያጠብኳት እኔው። ልብሷን ሳወልቅ ከወገቧ በታች ጨርቅ በጨርቅ ላይ ታስሯል። ቆዳዋ በሽንት ተቃጥሎ ቆስሏል። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስንት ዓመት ደብቃ ኖረች? እኔንስ ለምን?
ጨርቁን ለብቻዬ ቀበርኩት። አጣቢ ያየችውን አታወራም፤ የሟች ገመና አማና ነው፣ አደራ። ረቢአ ግን አልለቀቀችኝም። ውኃ ባነሳሁ ቁጥር ያ ከንፈሯ ይመጣብኛል።

ሚያዝያ 17
የረቢአ ልጅ ፋይዛ ከሰንበቴ ከተማ መጣች። ሰላምታው ሳያልቅ፦
"አዴ ዘይና፣ እናቴን ምን በድያት ነው?"
"ምን ሆንሽ?"
"ስወልድ ክፍል አሰናዳሁላት። አንድ ቀን አላደረችም! ልጄን አንድ ቀን አላቀፈችውም፤ በር ላይ ቆማ አይታው ትሄዳለች። ስለምናት 'ኢንሻአላህ' ብቻ። ተቀይማኝ ነው የሞተችው።"
አፌ ድረስ መጣ... ዋጥኩት።
"አልተቀየመችሽም።"
"ዱጋ? እውነት? ወላሂ በሉኝ!"
ማልኩላት። አላመነችኝም። እያለቀሰች ሄደች።

ሚያዝያ 18
ረቢአን አየኋት ልበል? በጠራራ ፀሐይ፣ በራፌ ላይ ቆማ። "ግቢ" ልል ቀና ስል... የለችም። አዑዙ ቢላህ።
ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመስኩም። ሽንቴ ሻይ መስሏል፣ ያቃጥላል። በረቢአ መንገድ እየሄድኩ ነው። ፈራሁ።

ሚያዝያ 20
እኔንስ ማን ያጥበኛል? ምን ታይብኝ ይሆን?

ሚያዝያ 24
ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ኢልሃም ትባላለች፣ ልጅ እግር። "ጉልበቴን" ልላት ነበር። "ሽንቴ ያመልጠኛል" አልኩ። ሰማይ አልተደፋብኝም።
ሽንቴን አስመርምራ መድኃኒት ጻፈችልኝ። ውኃ መተዌን ስትሰማ ተቆጣች።
"የወፈረ ሽንት ፊኛን ይባስ ያስቆጣዋል። ይጠጡ! ሻይና ቡናውን ይቀንሱ። ሲያጣድፍዎ አይሩጡ፤ ቆም ይበሉና ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጡንቻዎን ጭምቅ፣ ልቅቅ ያድርጉ። በየቀኑ ይለማመዱት።"
"ይተወኛል?"
"ቀስ እያለ ይሻልዎታል። ስንቷ ሴት አለባት መሰለዎት... የምትናገር ነው የጠፋችው።"
ስወጣ የረቢአ ጥማት አንጀቴን በላኝ። መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ።

ግንቦት 6
ሰንበቴ፣ ፋይዛ ቤት። ለእናቷ ያሰናዳችው ክፍል እንዳለ ነው። አንሶላው እንኳ አልተነካም።
"ይደሩ" አለችኝ። እግሬ ወደ በሩ ዞረ። ረቢአ በቀሚሴ ጫፍ የምትጎትተኝ መሰለኝ... እንዲህ ነበር ለካ የሚያደርጋት!
ተመልሼ ተቀመጥኩ። "ፋይዛ፣ እኔ ሽንቴ ያመልጠኛል። ፍራሽሽን አረጥበው ይሆናል። ሰው ቤት ማደር፣ ሕፃን ማቀፍ ያሳቅቀኛል። የምወደው ሰው ቤት ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል።"
ስለ ረቢአ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።
ፋይዛ ቆማ ቀረች። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "እናቴም..." ብላ ጀመረች። እጇን ያዝኩት። ፊቷን በሻሿ ሸፍና "ሀደ ኮ፣ እናቴ፣ ሀደ ኮ" እያለች ተንሰቀሰቀች። ቅያሜ ያለበት ለቅሶ አልነበረም።
ሲወጣላት ልጇን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ልነሳ ስል ትከሻዬን ያዘችኝ።
"ቢረጥብ ይታጠባል፣ አዴ።"
ከባድ ልጅ ነው። ረቢአ ያላቀፈችውን ልጅ አቅፌ ተቀመጥኩ። በሩ ላይ ማንም አልቆመም። ዛሬ እዚህ አድራለሁ።