የቶይባ ቀለብ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም ኡሙሀኒ፣

የአላህ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ የዘንድሮን ብርድ ቻለው? ጋሽ ፈድሉ ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እህሉ ይወርድልኛል፤ እንቅልፍ ግን ጉለሌን ለቆ ሄዷል። ሙኒያም ደህና ናት። ልጇ ቶይባ ገና ጥርስ ሳታበቅል ሸንጎ ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙኒያን ደሴ ላይ ዓይን በዝቶባታል ብለሽ ስትልኪያት፣ ለጎረቤቱ «ዘመዴ ናት» ብዬ ነበር ያስገባኋት። ባሏ ታናሽ ወንድማችን መሆኑን፣ እሱም ከሚያድኑት ሸሽቶ አንቺ ጓዳ መቀመጡን እዚህ ከእኔና ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጅቷ ስትወለድ አባቷ ስላልነበረ ስሟ ሲወጣ የሚታረደውን በግ እኔ አረድኩ። ጎረቤቱ ሁሉ በልቶ መረቀኝ። ያ በግ ተመልሶ ይመሰክርብኛል ብዬ አላሰብኩም።

ባለፈው ሰኞ ከማተሚያ ቤት የሰው ስህተት ሳርም ውዬ ስመለስ፣ አንድ የአብዮት ጥበቃ በር ላይ ጠብቆ «ሸንጎ ትፈለጋለህ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ስገባ የቀበሌው ሸንጎ ሰብሳቢ ጓድ ቶለሳ ውሳኔ ሲያነብ ደረስኩ። ለካ ተከሳሹ እኔ ነኝ! የቶይባ አባት ስለሆንኩ ቀለቧ ከደመወዜ እንዲቆረጥ ተወስኗል። የከሰሰችኝ ሙኒያ እንዳትመስልሽ፤ የሴቶች ማኅበሯ ጓድ ጽጌረዳ ለልጅቷ አዝና፣ ማንንም ሳትጠይቅ ነው የከሰሰችው። ደግ ሴት ናት። ደግነቷን ግን ጠመንጃ የያዘ ሰው ያጅበዋል።

«ጓዶች፣ ሳልጠየቅ?» አልኩ።

ቶለሳ «ብትጠየቅማ ልትክድ ነው» አለኝ። ጽጌረዳ ቀበል አድርጋ «አንተ ሙዘይን፣ በጉ ሲታረድ አባት፣ ቀለብ ሲባል ዘመድ?» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሌላ ሰው ላይ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ይግባኝ እላለሁ ብል «ከሰፊው ሕዝብ በላይ ማን አለና?» ተባልኩ። ከዚያ ቶለሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ አንተ ካልሆንክ አባቷ ማነው? የት ነው ያለው?» አለኝ።

እታለም፣ እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እውነቱ ግን አንቺ ጓዳ ተኝቷል። ቀና ስል ሙኒያ ልጇን አቅፋ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሎ «አባቷ እሱ ነው» አለች። እኔም «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። አጨበጨቡልኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ለወንድሜ ልጅ ነውና ምን ይከፋኛል? የሚያስፈራው የውሳኔው መጨረሻ ነው። ተከሳሹ በትውልድ አገሩ ሌላ ቤተሰብና ንብረት እንዳለው እንደሌለው ቤቱ ድረስ ተሄዶ ይጣራ ይላል። ከመወሰናቸው በፊት አንዲት ቃል ያልጠየቁኝ ሰዎች፣ ከወሰኑ በኋላ ደሴ ድረስ ሊጠይቁ ነው። በርሽን ነው የሚያንኳኩት። ትእዛዙ ዛሬ ጠዋት ወጥቷል። ነጋዴዋ ዓሊማ ከሽሮ ሜዳ የገዛችውን ጋቢ ይዛ ነገ ማለዳ በአውቶቡስ ስለምትመጣ፣ ከእነሱ እንድትቀድምልኝ ይህን ደብዳቤ መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ታመጣልሻለች። አንብበሽ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

ከመጡብሽ «ሙዘይን የሰው ልጅ አሳስቶ የካደ ባለጌ ነው» ብለሽ እርገሚኝ። ደህና አድርገሽ እርገሚኝ፤ አልቀየምሽም። ታናሻችንም «ልጄን ሌላ ሰው አያሳድጋትም» ብሎ ወደዚህ እንዳይነሳ፤ ጠባዩን ታውቂዋለሽ። ቶይባ ደህና ናት፣ አባት ተቀጥሮላታል በይው።

ጋሽ ፈድሉን ከነልጆቻችሁ በጣም ሰላም በይልኝ። ቡርቱካንን ጉንጯን ሳሚልኝ። ጀዊሪያን ትምህርቷን እንዳታቆም ንገሪያት። ጎረቤትሽን እማማ አጸደንም እንዴት ነዎት በይልኝ። ለአንድ ሰው ሰላምታ አልጻፍኩም። ረስቼው አይደለም፤ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ እሱ እቤትሽ የለም።

ወንድምሽ ሙዘይን
አዲስ አበባ፣ ጉለሌ
ጥር ፳፩ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም.