ለኩንዳራ ዳገት ሰሌዳ ጠባቂ፣ ስለ ትናንሾቹ ቸርኬዎቼ

ለተከበሩ አቶ ኔቪል ክራቶርን
የዋራብሩክ የመኪና ስፖርት ክለብ ሊቀመንበር፣ የክራቶርን ጎማ መደብር ባለቤት
ዋራብሩክ፣ ቪክቶሪያ

ጉዳዩ፦ በቢላ ስለተፋቀ ስም

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለፈው ክረምት በቀዶ ሕክምና የታደሰው ቀኝ ጉልበትዎ ፈጽሞ ድኖ ያለ ምርኩዝ መሰላል እስከ መውጣት መድረስዎን፣ ከመሰላሉም ጫፍ ቆመው የአንዲት ሴት ስም ፍቀው እስኪጨርሱ ጉልበትዎ ሳይንቀጠቀጥ መቆየቱን የክለባችን አባላት ሁሉ በዓይናቸው ስላዩ፣ ለሐኪምዎ ያለኝን አድናቆት እንዲያደርሱልኝ በማክበር እጠይቃለሁ። እኔም ሐኪም ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ፈውስ ደስ ያሰኘኛል። የእኔ ሕመምተኞች ግን ላሞች ናቸውና ሲድኑ መሰላል አይወጡም፤ የሰው ስምም አይፍቁም።

ደብዳቤዬን በከተማችን ጋዜጣ ማውጣቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። እርስዎ እኔን ያዋረዱኝ በድምፅ ማጉያ ስለሆነ፣ በሹክሹክታ መመለሱ ለክብርዎ የማይመጥን መስሎ ስለታየኝ ነው። የምጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በኩንዳራ ዳገት ሽቅድምድም ከሁሉም የፈጠነ ሰዓት በማስመዝገቤ የየዓመቱ አሸናፊ ስምና ሰዓት በሚሰፍርበት የክለቡ የእንጨት ሰሌዳ ላይ በወርቅ ቀለም ተጽፎ የነበረው «ታምሲን ኪልፓትሪክ» የሚለው ስሜ ወደ ቦታው ይመለስልኝ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ከመነሻው ልናገር። መኪናዬ ትንሽ፣ ቀይ፣ ሩጫ የምትወድ ናት። ከፋብሪካ ይዛ የወጣችው ባለ አሥራ ዘጠኝ ኢንች ቸርኬ ነበር፤ ቸርኬው ከመተለቁ የተነሳ ለጎማው የተረፈው ጎን ከጣት ብዙም አይበልጥም። ለከተማ አስፋልት ያምራል። ላሞች በሚወልዱበት ወቅት ግን የእኔ መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ጉድጓድ ሲያጋጥም የሚመታው ጎማው ሳይሆን ብረቱ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት ላም ምጥ ጠንቶባት ተጠርቼ ስከንፍ የፊት ቸርኬዬ ለሁለት ተሰነጠቀ። እኔ ጭቃ ውስጥ ቆሜ የሚጎትተኝ ሰው ስለምን፣ ላሚቱ አልጠበቀችኝም። ስደርስ ጥጃው ሞቶ ነበር፤ እናቲቱን ብቻ አተረፍኳት። ከዚያ ዕለት ወዲህ የቸርኬ ነገር ለእኔ የጌጥ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ቅሬታዎቼም የሚጀምሩት ከዚያ ነው።

አንደኛ፦ በማግሥቱ ወደ መደብርዎ መጥቼ ትንንሽ ቸርኬ እንዲያዙልኝ ስለምንዎ፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው ለቆሙት ደንበኞችዎ ዞረው ያሉትን አልረሳሁትም። «ስሙ እንጂ! ሰው ጫማ የሚቀይረው እግሩ ሲያድግ ነው፤ የእኛ ዶክተር ወደ ሕፃንነቷ እየተመለሰች ነው። ቀጥሎ የብስክሌት ጎማ አምጡ ትለናለች!» ወደ እኔም ዞረው፣ «የኔ ቆንጆ፣ ባለ ሃያ ኢንች አለልሽ፤ እሱን ግጠሚና ሴት ምሰይ» አሉኝ። ስለዚህ ምክር ከልብ አመሰግናለሁ፤ እርስዎ ሊያስረዱኝ ባለመፈለግዎ ራሴው ተምሬአለሁና።

የተማርኩትንም ላካፍልዎት፤ ጎማ በመሸጥ ያሳለፉት ዕድሜ ለዚህ ጊዜ አልሰጠዎትም ይሆናል። ቸርኬው ሲያንስ የጎማው ጎን ይወፍራል፤ ስለዚህ ጎማው ከመሬት እስከ አናቱ ሲለካ ያው የድሮው ነው፣ የፍጥነት መለኪያውም አይዋሽም። ወፍራሙ ጎን የመንገዱን ዱላ ይቀበላል፣ ብረቱ ይተርፋል። አሥራ ስድስቱን ሞከርኩት፤ የፊት ፍሬኑን ስለሚነካ አልገባም። አሥራ ሰባቱ ለጥቂት ያልፋል። እያንዳንዱ ቸርኬ ከአሮጌው ሦስት ኪሎ ያህል ስለሚቀል መኪናዋ ስትነሳም፣ ስትታጠፍም፣ ስትቆምም ሸክም የወረደላት በቅሎ ትመስላለች። ጎረቤት ከተማ ያለ ጎሚስታ ሳይስቅ አዞ ሳይስቅ ገጠመልኝ። ሳቅ በነፃ የሚሰጠው በእርስዎ ዘንድ ብቻ መሆኑን ያወቅሁትም ያኔ ነው።

ሁለተኛ፦ በሽቅድምድሙ ጠዋት የክለቡ መኪና መርማሪ ሬክስ፣ እንደ ልማዱ በጀርባው ተኝቶ መኪናዬን ከሥር እስከ ላይ አየ፤ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና፣ «ዶክተርዬ፣ ይቺ አሁን ገና እግር አወጣች። ሂጂ አሳያቸው» ብሎ የማለፊያውን ምልክት መስታወቴ ላይ ለጠፈልኝ። እርስዎ ግን ሊቀመንበርነቱ አልበቃ ብሎዎት ድምፅ ማጉያውንም ይዘው ነበርና፣ ቋሊማ ለመግዛት የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሉ፦ «ክቡራትና ክቡራን፣ አሁን ወደ መነሻው የምትመጣው ዶክተር ታምሲን ናት! የሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ ነው የገጠመችው። ወተትና ዳቦ ያለቀባችሁ ካላችሁ ንገሯት፣ በዚያው ገዝታላችሁ ትመጣለች!»

ሕዝቡ ሳቀ። እኔም የራስ ቁሬ ውስጥ ሆኜ ፈገግ አልኩ፤ የኩንዳራን ሦስተኛ ኩርባ አውቀዋለሁና። ዳሩ በዝናብ የተበላው፣ መሐሉ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸበሸበው ያ ኩርባ፣ ትልልቅ ቸርኬ የገጠሙትን ሁሉ እያዘለለ ወደ ሣሩ ሲገፋቸው ነበር የዋለው። የእኔዋ ግን ጥጃ ጡት እንደሚይዝ መንገዱን ይዛ ወጣች። ሰዓቴ ሲነገር ከዚህ ቀደም በዚያ ዳገት ከተመዘገበው ሁሉ የፈጠነ ሆኖ ተገኘ፤ ድምፅ ማጉያውም በክለቡ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ስለዚያች ዝምታ በተለይ አመሰግናለሁ። ሁለተኛ የወጣው ልጅዎ ብሬደን እየሮጠ መጥቶ፣ «ታም፣ ምን አድርገሽ ነው በናትሽ? እኔ እኮ እዚያ ኩርባ ላይ እንደ ጥንቸል ነው የዘለልኩት!» ብሎ ጨበጠኝ። ያን ዕለት ከቤተሰብዎ አንድ ሰው ጨዋ ነበር።

ሦስተኛ፦ በክለባችን የቆየ ልማድ አለ። የሌላውን መኪና የሚከስ ሰው ውጤት በተነገረ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ካርቶን ቢራ በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ክሱ እውነት ከሆነ ቢራውን ይዞ ይሄዳል፤ ካልሆነ ቢራው የተከሳሹ ይሆናል፣ ተከሳሹም እዚያው ከፍቶ ለሁሉም ያድላል። ይህ ልማድ የብዙ ፈሪ አፍ ዘግቷል፣ የብዙ ጀግና ጉሮሮም አርሷል። እርስዎ ግን ግማሽ ሰዓቱ ሲያልፍ ቋሊማዎን እየበሉ ነበር። ኮርማ እንኳ ሊወጋ ሲል ፊት ለፊት ይመጣል፤ ይህን የምለው ሁለት ጊዜ ተወግቼ ነው። እርስዎ ሳምንቱ እስኪጋመስ ቆይተው፣ የሥራ አመራሩን ሰብስበው፣ እኔ ያልተጠራሁበት ስብሰባ ላይ ይህን ደንብ አጸደቁ፦ «ከፋብሪካ ከተገጠመለት ያነሰ ቸርኬ ገጥሞ የተወዳደረ ማንኛውም መኪና፣ በማንኛውም ጊዜ ያስመዘገበው ሰዓት ከሰሌዳው ይሰረዛል።»

«በማንኛውም ጊዜ» የሚለውን ያስጨመሩት እርስዎ ራስዎ መሆንዎን ሰምቻለሁ። ያለ እሱ ደንቡ ወደ ኋላ ተመልሶ እኔን ሊይዘኝ አይችልም ነበርና፣ ለጥንቃቄዎ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

አራተኛ፦ የሽልማቱ ምሽት። መሰላሉን፣ ቢላውንና ጉልበትዎን አስቀድሜ ስላነሳሁ አልደግምም። በስሜ ቦታ የልጅዎ ስም ተጻፈ። ብሬደንም ዋንጫውን ሲቀበል ጫማውን እያየ ነበር፤ አፉን ግን አልከፈተም፣ ስለዚህ ከላይ ስለ ጨዋነቱ የጻፍኩት ለአንድ ቀን ብቻ የሚያገለግል መሆኑ ይታወቅ። ከዚያ እኔን ወደ መድረክ ጠርተው፣ በየዓመቱ ለመጨረሻው ተወዳዳሪ የሚሰጠውን የእንጨት ማማሰያ አስያዙኝና፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የቸርኬ ደንብ የለም!» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሬክስ አልሳቀም። እኔም አላለቀስኩም፤ ቀና ብዬ ከቡና ቤቱ መደርደሪያ በላይ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶግራፍ እያየሁ ነበር።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ያ ፎቶግራፍ የእርስዎ ነው። ወጣትነትዎ፣ ጢምዎ፣ ዋንጫዎና ያቺ አረንጓዴ መኪናዎ። ሰሌዳውም ላይ ስምዎ ከሁሉም በላይ፣ ከማንም ደምቆ ተጽፏል። የዚያን ድል ታሪክ በየዓመቱ እራት ላይ፣ ጣፋጩ ሊቀርብ ሲል፣ ብርጭቆዎን በማንኪያ መትተው ስለሚተርኩልን ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን፦ «በዚያ ዘመን ገንዘብ አልነበረንም፣ ጭንቅላት ግን ነበረን! የእናቴን ትንሽ መኪና ቸርኬዎች ፈትቼ በእኔዋ ገጠምኳቸው። እናቴ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ሄደች፤ እኔ ዳገቱን በላሁት!»

የእናትዎ ትንሽ መኪና ቸርኬዎች። ትንንሾቹ። ፎቶግራፉ ላይም በጎማውና በመኪናው አካል መካከል ያለው ክፍተት ድመት የሚያስተኛ ነው።

አባቶች «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውም» ብለዋል። እርስዎ ግን አራቁት፤ «በማንኛውም ጊዜ» እስኪደርስ ድረስ አራቁት።

ስለዚህ ባለፈው ዓርብ ምሽት፣ አባላቱ ተሰብስበው ሳሉ፣ አንድ ካርቶን ቢራ ተሸክሜ ገብቼ በሬክስ ፊት አስቀመጥኩ። ክሴንም ጮክ ብዬ ተናገርኩ፦ ተከሳሽ ኔቪል ክራቶርን፤ ጥፋቱ ከፋብሪካ ከተገጠመው ያነሰ ቸርኬ፤ ማስረጃው ፎቶግራፉና የራሱ አፍ። ግማሽ ሰዓቱ አልፏል የሚል ቢኖር፣ የጊዜውን ገደብ ያነሱት ተከሳሹ ራሳቸው ናቸው። ሬክስ መነጽሩን አጠለቀ፣ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየኝና፣ «እንግዲህ ቢራ ከተቀመጠ መመርመር ግዴታዬ ነው። ፎቶውን አውርዱልኝ» አለ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ኔቭ፣ እናትህ በከንቱ በእግሯ ሄደች ማለት ነው?» ሲል የተነሳው ሳቅ፣ በድምፅ ማጉያ ካስነሱት ሳቅ የበለጠ ነበር። እርስዎ ቁልፍዎን አንሥተው ስለወጡ የመጨረሻውን ሳቅ አልሰሙትም፤ እንዳያመልጥዎት ብዬ ነው እዚህ የጻፍኩት።

የሥራ አመራሩ በክሴ ላይ ሊወስን የሚመጣው ሐሙስ ይሰበሰባል። ሁለት መንገድ አለው። ደንቡ ይጽና ካለ ያው መሰላል ይመጣል፣ ያው ቢላ ይመጣል፣ በሰሌዳው አናት ያለው ስም ይወርዳል፤ እኔም መሰላሉን ከሥር ይዤ ለመቆም ፈቃደኛ ነኝ። ደንቡ ይሻር ካለ ደግሞ ስሜ በዚያው የወርቅ ቀለም ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ጸሐፊውም እርስዎ ይሆናሉ፤ ጉልበትዎ መውጣት እንደሚችል አይተናልና። እውነቱን ልናገር? የመጀመሪያውን ሳስበው ያስቀኛል፤ የምፈልገው ግን ሁለተኛውን ነው። ስምዎ ከስሜ በላይ ተጽፎ ይኑር፤ ሰው ሰሌዳውን ባየ ቁጥር ሁለቱን ሰዓቶች አስተያይቶ የማን እንደሚፈጥን ያንብብ።

ረጅም ዕድሜ፣ የጸና ጉልበትና መልካም ትውስታ እየተመኘሁልዎ፣ በአሥራ ሰባት ኢንች ቸርኬዬ ላይ ቀጥ ብዬ በመቆም ለትልቅነትዎ እጅ እነሳለሁ።

ዶክተር ታምሲን ኪልፓትሪክ
የከብት ሐኪምና የኩንዳራ ዳገት ፈጣኗ ሰው፣ ሰሌዳው እንኳ ባይል

ግልባጭ፦
ለሬክስ፣ ከቢራው ጋር
ለእናትዎ ለወይዘሮ ክራቶርን ነፍስ፣ ስለ ቸርኬዎቹ ከይቅርታ ጋር

ማስታወሻ፦ ማማሰያውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ፤ የራሱ አሮበት የሰው ለሚያማስል ሰው ከእኔ ይልቅ ይጠቅመዋል። ሌላም አለ፦ ባለፈው ሰኞ ልጅዎ ብሬደን ወደ ክሊኒኬ በጓሮ በር ገብቶ፣ «ታም፣ የቸርኬሽን ልክ ጻፊልኝማ። ጎረቤት ከተማ ካለው ጎሚስታ ላዝዝ ነው። ለአባዬ ግን አደራ እንዳትነግሪው» ብሎ ለመነኝ። አደራ አክባሪ ስለሆንኩ ለእርስዎ አልነገርኩም፤ ለጋዜጣው ብቻ ነው የነገርኩት።