በቅሎዬ የተገላገለችው ሸክም

ይድረስ ቡልቡላ ለምትኖሪው እህቴ ለቡዜ። በሐይቁ ዳር እንዳለው አሸዋ የበዛ ሰላምታ ከታላቅ ወንድምሽ ከገርባ፣ ከአዳማ ይድረስሽ። እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ።

በፋሲካ «ጋሼ፣ አንተ ስትወጣባት በቅሎዋ አምላኳን ትጠራለች» ብለሽ ሰው አሳቅሽብኝ። ይኸው አፍሽን ያዢ! ያኔ በባቡር ጣቢያው የጆንያ ሚዛን አምስት ፈረሱላ ተኩል ነበርኩ። ቅቤና ጠላ ትቼ አምስት ገባሁ፤ የሰኔ ሚካኤል ድግስ ግማሿን መለሰብኝ። ተናድጄ ጮማውንም ቅቤውንም እንደ ልቤ መብላት ጀመርኩ። ስጋዬ ፈርቶኝ ነው መሰል ከዚያ ወዲህ በራሱ ይሸሻል። ትናንት ሦስት ተኩል ሆንኩ። ሚዛን ጠባቂው «አባባ፣ ደግሜ ልመዝንዎ» ቢለኝ፣ «ሚዛንህን አሠራ!» ብዬው ወረድኩ። ልብስ ሰፊው ካባዬን ሦስቴ አጠበበው። ይህን ሳስጽፍ ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ፤ «አንተ ዝም ብለህ ጻፍ» አልኩት።

ለመስቀል እመጣለሁ ያልሽውን ተዪውና በዚህ ሳምንት ነይ። በቅሎዋን ልኬልሻለሁ፤ ከእንግዲህ ያንቺ ናት። መጥተሽ እስኪ አሁን ሳቂብኝ!

እስክንተያይ አምላክ በመንገድሽ ይቅደም። ከታች ያለው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው፤ ቢቀጥንም የኔው ነው።