ድልድዩ ላይ ከቆመ

ውድ ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ እንዳልጀምር ዋሸሽ ትለኛለህ። ባለቤቴ ትናንት ወደ ጦሩ፣ ወዳንተው ድልድይ ተመልሷል። ወሬ እንደምወድ ታውቃለህ፤ የትኛውን ወንዝ፣ መቼ እንደምትሻገሩ ግን አልጠይቅህም። ጉዳዬ አንድ ነው።

ያኔ ከመዝመታችሁ በፊት እኔ ቤት ምሳ የበላህ ዕለት ትዝ ይልሃል? የጠረጴዛ ጨርቄን ወንዝ አድርገህ፣ የክብሪት ቀፎ ደርድረህ ተንሳፋፊ ድልድይ ሠራህ። «መጀመሪያ እግረኛው በጀልባ ማዶውን ይይዛል። ታንክና ጥይት ቶሎ ካልደረሰለት እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ድልድይ ላይ የቆመ መኪና ወደ ውሃ ይገፋል» አልከን። ባለቤቴ ሾፌር አይደል፣ ቀልድ አማረው።

«የኔዋ ብትቆምስ፣ አማቼ?»

«እገፋታለሁ።»

«እኔ ውስጧ እያለሁ?»

«በሩን ከፍተህ ንዳ፣ ቀበቶ አትታሰር። ውረድ ስልህ መውረድ ነው!»

«እህትህ እኮ ቢላ ይዛ ነው የምትጠብቅህ!»

ሳቅን። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኸው ነበር።

ከዘመታችሁ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከባሌ ነው፤ አንተማ አፍህ ተለጉሟል። ከጠላት ዓይን የሚሸፍናችሁ የጭስ መጋረጃ ሳስቶ፣ የጠላት መድፍ ውሃውን እያፈላው፣ መኪናዋ ድልድዩ መሐል ጸጥ አለች። ከኋላ ታንኮቹ ቆመዋል፤ ማዶ ጥይት ያለቀባቸው ልጆች አሉ። ቁልፉን ቢያዞር ቢያዞር እምቢ። አንተ በብረቱ ላይ እየሮጥክ ደረስክ።

«ውረድ!»

«አንዴ ብቻ፣ በእናትህ! ትነሳለች!»

«ውረድ አልኩህ!»

አልወረደም። መኪናውን ጥሎ መሄድ ልጁን ጥሎ መሄድ የሚመስለው ሰው ነው። ወደ ታንኩ ዞረህ «ግፋ!» ብለህ እጅህን አወናጨፍክ። ያቺን እጅ አውቃታለሁ፤ በልጅነቴ አስፋልት ያሻገረችኝ እጅ ናት።

በሩ ክፍት ስለነበር ውሃው ጎትቶ አወጣው፤ ከድልድዩ በታች፣ ውሃው በሚወርድበት በኩል ያቆምካት ጀልባም ለቀመችው። ጎድኑ ተሰብሮ ሆስፒታል ሲተኛ ብርቱካን ይዘህ መጥተህ ነበር አሉኝ፤ ለዘበኛው ሰጥተህ ከበሩ ተመለስክ። ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጥክም። ባሌ እንደሆነ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦ «አማቼ ገላዬን አጠበኝ» እያለ ያስቃል።

ድኖ ወደ ጦሩ ከገባ ወዲህ፣ ባለፈው ከድልድይ ልምምድ ሲመጣ ግን አልሳቀም። ራቱን ገፋ አደረገና «ወንድምሽ ደህና አይደለም» አለኝ።

«ምን ሆነብኝ?»

«አንዲት መኪና የልምምዱ ድልድይ ላይ ቆመች። ውረድም አላለ፣ ግፉም አላለ። ዝም ብሎ ሾፌሩን ያያል። ከኋላው ሰልፉ ተከምሯል። ልጆቹ ድሮ አባ ግፋ ነበር የሚሉት፤ አሁን አባ ቆይ-ቆይ ብለውታል።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ምን እለዋለሁ? ሾፌሩን ሲያይ እኮ የሚታየው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ባሌ መሪ ጨብጦ፣ ወንድሜ ትእዛዝ ይዞ፣ ሁለታችሁም አንድ ድልድይ ላይ! አንተ ለኔ ብለህ ስታመነታ፣ ሰልፉም፣ እሱም፣ አንተም የመድፍ ሲሳይ ትሆናላችሁ። ማዶ ሆነው የሚጠብቁህ ልጆችም እኮ እህት አላቸው።

ስለዚህ ስማኝ። መኪናው ከቆመ «ውረድ» በለው። አልወርድም ካለ ግፋው። ፊቱን አትመልከት፣ እኔንም አታስብ። ቢላ ይዤ አልጠብቅህም። እሱም አውቆ ነው የሄደው። ሊሰናበተን በመኪናው ሲመጣ የሾፌሩን በር ከነማጠፊያው ነቅሎ ግቢዬ ውስጥ ጣለው፤ «ለአማቼ እንዲቀለው» ብሎ። ይኸው ልብስ ሳሰጣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አየዋለሁ።

ጀልባዋን ብቻ ከታች አትርሳብኝ።

ስትመለሱም ብርቱካንህን ይዘህ ና። እዚህ ቤት ዘበኛ የለም፤ በር የምከፍተው እኔ ነኝ።

አስፋልት ያሻገርካት
እህትህ