በእኔ ስም የወጣ ድንኳን

ማክሰኞ

ዛሬ የራሴ ለቅሶ ላይ ደረስኩ። ሌላ አባባል የለውም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሐይቅ ዳር ባጃጅ ይዤ እማዬ ቤት ሄድኩ። ለፊልም ቀረጻ የሚያስፈልገኝን አሮጌ የቆዳ ጃኬት ልወስድ ነበር። በሩ ላይ የእድር ድንኳን ተተክሏል። እማዬ የሞተች መሰለኝ። 

ስገባ ግን እማዬ መሃል ላይ ቆማለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ የታሰረበት ፎቶ አለ። ፎቶው የእኔ ነው። እሷ እንዲህ እያለች ነበር፦

ዝም በል እያልኩኝ ስቆጣህ ኖሬ፣
ዝም አልከኝ ልጄ፣ ሰማኸኝ ዛሬ።

መጀመሪያ ያየችኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናት። «በስመ አብ!» ብላ ወደ ኋላ ስትል አግዳሚ ወንበሩ ከነሰዎቹ ተገለበጠ። አንዱ ሽማግሌ ሦስቴ አማተቡ። እማዬ አልጮኸችም። መጥታ በጥፊ መታችኝ። ቀጥላ ፀጉሬን፣ ጆሮዬን፣ ትከሻዬን ዳበሰች። ከዚያ ክፍሏ ገብታ ቆለፈች።

ይህን የተዘጋው በሯ ስር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። 

ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ነገሩን አጣራሁ። እንዲህ ነው።

ፊልሙ ላይ እሞታለሁ። የለቅሶ ድንኳን ያስፈልጋል። የቁሳቁስ ኃላፊያችን ሚኪ ትናንት ከሰዓት ወደ ሰፈራችን እድር ሄደ፤ የእኔ ሰፈር መሆኑን አያውቅም። የእድሩን ንብረት የሚጠብቁት ጋሽ ሐመሶ ናቸው። ደንባቸው አንድ ነው፤ የሟች ስም መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ድንኳን አይወጣም። «ሟቹ ማነው?» አሉት። ሚኪ ለፊልም ነው ካለ የሚከለክሉት መሰለው። ስልኩ ላይ ያለውን የእኔን ፎቶ አሳያቸው። «የወይዘሮ አስካለ ልጅ?!» ብለው ጮኹ። ቀልቡ ተገፍፎ «አዎ» አለ።

ጋሽ ሐመሶ ድንኳኑን አልሰጡትም። «ይሄማ የእኛው ሐዘን ነው» ብለው ፎቶውን ከሚኪ ስልክ ወስደው አሳጥበው ራሳቸው አሰናዱ። ሚኪ ባዶ እጁን ተመልሶ ለማንም አልተናገረም። ፈርቶ።

እማዬ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ መግባቴን አታውቅም ነበር። ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ አልነገርኳትም። ስለዚህ አዲስ አበባ ሞተ፣ ሬሳው መንገድ ላይ ነው ተባለ። የአክስቴ ልጅ ደጋግሞ ደወለልኝ። ዳይሬክተራችን ትዕግስት ደግሞ ቀረጻ እስኪያልቅ የተዋንያኑን ሁሉ ስልክ አጥፍታ ዘንቢል ውስጥ ትሰበስባለች። «ስልኩ ዝግ ነው፣ እውነት ነው» ብሎ ያረጋገጠው የአክስቴ ልጅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አውቆ፣ እማዬ ብቻ ሳታውቅ አደረች። ዛሬ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ገብተው አረዷት።

ለሁለት ሰዓት ያህል ልጅ አልነበራትም።

ረቡዕ

በሩን ከፈተች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ፦

«ሬሳ ሣጥን ውስጥ ልትገባ ነው?»

«ሥራ ነው፣ እማዬ።»

«ብትገባ የጠባኸው ጡት ይፍረድብህ።»

 ምሳ አቀረበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች።

አርባ አራት ዓመቴ ነው። በሃያዎቹ ፒያሳ ከረንቡላ ቤት ውስጥ በውሰት ማይክ ራፕ አደርግ ነበር፤ አማርኛና ሲዳሙ አፎ እየቀላቀልኩ። የመድረክ ስሜ ሞገድ ነበር። አንድ ዘፈኔን አንድ ክረምት ሙሉ ባጃጆች አጫወቱት። ቀጥሎ ያወጣሁትን አልበም ማንም አልሰማውም። እማዬ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ ያስተማረች ሴት ናት። ሥራዬን «ልፍለፋ» ነው የምትለው። ለፊልም የታጨሁት በሻካራ ድምፄ ነው። ወሮበላ፣ ሹፌር፣ ወሮበላ፣ የዋናው ሰው ጓደኛ፣ እንደገና ወሮበላ። አሥራ አንድ ፊልም። በስድስቱ ሞቻለሁ፣ እማዬ አንዱንም አላየችም። ዋናውን ሰው ሆኜ ስሠራ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከእንግዲህ ሌላ የሚመጣም አይመስለኝም።

ትዕግስትን አናገርኳት። «ፊትህ ሣጥኑ ውስጥ ካልታየ ፊልሜ ምን ላይ ያልቃል? እስከ ነገ ማታ ወስን። አለበለዚያ ታሪኩን ፊልሙ ላይ ወዳለው ጓደኛህ አዞረዋለሁ።» እማዬ ያለችውን ሙሾ ስነግራት ዓይኗ በራ። «ካሜራ ፊት ትልልኛለች?»

ጮኽኩባት። የጮኽኩት እኔም መንገድ ላይ ያንኑ አስቤ ስለነበር ነው።

ሐሙስ

ጋሽ ሐመሶ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ሚኪም ከኋላ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሃያ ዓመት ድንኳን ሳወጣ ማን በሞት ይቀልዳል ብዬ አጣርቼ አላውቅም።»

«ልጄን ገድለው ድንኳን ተከሉ። አሁን ደግሞ ሊቀብሩልኝ መጡ?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። እማዬ አየቻቸው፤ አልሳቀችም።

ሽምግልናው አንድ ሰዓት ፈጀ። ጋሽ ሐመሶ በመጨረሻ «ሣጥኑ ለቀረጻው ይሂድ፣ እሱ አይግባበት» አሉ። እማዬ «ክዳኑ ይመታ» አለች። እንዳልገባበት በምስማር ይመታ ማለቷ ነው።

ትዕግስት ጋ ሄድኩ። ፊቴን አታገኚም፣ ድምፄን ውሰጂ፣ ቀብሩ ላይ የሟቹ ራፕ ይሰማ አልኳት። ራፕ ካደረግኩ አሥራ አምስት ዓመት አልፏል። እሱንም ነገርኳት። «እስቲ ይሞከር» አለች። ደስ ያላት አይመስልም።

ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። የእማዬን ስንኝ ላለመንካት ምያለሁ። መልሱን ብቻ ነው የጻፍኩት።

አርብ

ሐይቁ ዳር። የእድሩ ሰዎች በሙሉ ለቀስተኛ ሆነው መጡ፣ ማንም አልጠራቸውም። እማዬም መጣች። አልጠበቅኳትም። 

«ምን ከተታችሁበት?» አለች ሣጥኑን እያየች።

«አሸዋ። ሁለት ጆንያ።»

አየችኝ። «አንተ ሁለት ጆንያ አትሞላም። ከስተሃል።»

ማይክ ያዝኩ። አንደኛው ሙከራ ተበላሸ። ሁለተኛው መሃል አንድ አባኮዳ፣ ያ ትልቁ የሐይቅ ዳር ወፍ፣ ጮኸ። ሦስተኛው፦

ዝም በል ባልሽኝ ቁጥር ድምፄ ወፍሮ፣
ሞቼም አልሆነልሽ፣ እንኳን ተኑሮ።

ቀጥዬ አሥራ ሁለት ስንኝ አወረድኩ።  ትዕግስት «ቁረጥ» ማለት ረሳች ወይስ አልወደደችውም፣ አላወቅሁም። እትዬ ዘነበች እንደገና አማተበች።

እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ አጠረህ» አለችኝ። «ሲጋራውን ተው።»



ቅዳሜ

ትዕግስት ቀረጻውን ትቀበለው እንደሆነ ለመንገር እስካሁን አልደወለችም። ስልኬ ተመልሶልኛል፣ በየደቂቃው አየዋለሁ።

ጋሽ ሐመሶ መዝገቡን ይዘው መጡ። ስሜ ሟቾች ተራ ላይ አለ። «የእድር መዝገብ አይሰረዝም» አሉ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አሰቡ። ከዚያ የወጣ ወንበርና ድንኳን ሲመለስ እንደሚያደርጉት ስሜ አጠገብ «ተመልሷል» ብለው ጻፉ።

«ፈርምበት።»

እማዬ ከጀርባዬ ቆማ ታያለች። ፈረምኩ። ፊርማዬ የሕያው ሰው ፊርማ ይመስላል።