የአባ ርገጥ ጸጋው ደመላሽ የሕይወት ታሪክ፣ ከነሞተራቸው

አቶ ጸጋው ደመላሽ ከአባታቸው ከአቶ ደመላሽ አንለይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሰንበት ዓባይ፣ ጥር 12 ቀን 1937 ዓ.ም. በሮብ ገበያ አካባቢ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ገብረ ሚካኤል ነው። ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን ደብረ ማርቆስ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ተከታትለዋል።

አባታቸው ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. ሲያርፉ ፈረሳቸው ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶውን፣ ከአስከሬናቸው ፊት ፊት እየተመራ ለቅሶ ወጣ። አቶ ጸጋው ያን ፈረስ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም። የዛሬውም ነገር ሥሩ እዚያ ነው።

በዚያው ዓመት የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ ገብቶ የቤቱን ጥማድ በሬዎች ጨረሰ። ለእንዲህ ያለ መቅሠፍት ደስታ የሚል ስም ያወጣለት ማን እንደሆነ እንጃ። ዘመድ ሁሉ ጸጋው መምህር ይሆናል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው «እኔ በሬ የሚያድን ነገር ነው የምማር» ብለው ደብረ ዘይት ሄዱ፤ በእንስሳት ጤና ሠልጥነውም በ1959 ዓ.ም. በከብት ክትባት ሠራተኛነት ወደ ጎጃም ተመለሱ።

በመሥሪያ ቤታቸው ግምጃ ቤት ቢኤስኤ የሚባል የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ቆሞ ነበር። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሞክረው ሞክረው ትተውት፣ ዶሮ ዕንቁላል ትጥልበት ነበር ይባላል። ይህ ሞተር እንደ ዛሬዎቹ ቁልፍ ስላዞሩለት የሚነሣ አይደለም። ቤንዚኑ ይከፈታል፤ ካርቡራተሩ ላይ ያለችው ትንሽ መጫኛ ቤንዚኑ ጣት እስኪያርስ ድረስ ትጫናለች፤ መሪው ላይ ያለው፣ የካንዴላውን ብልጭታ የሚያዘገየው እጀታ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ፒስተኑ በእግር ቀስ ተብሎ ከጫፉ ያልፋል። ከዚያ በኋላ መርገጫውን በሙሉ ሰውነት፣ እስከ ታች መርገጥ ነው። ፈርቶ ከመሐል እግሩን የሰበሰበ ሰው መርገጫው ተመልሶ ይመታዋል። ይህን የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አስቀድመው ነግረዋቸዋል። ግን ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ነውና፣ በ1960 ዓ.ም. አቶ ጸጋው ፈራ ተባ እያሉ ረገጡና ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ።

መከራው ግን በረከት ይዞ መጣ። የደብረ ኤልያሱ ወጌሻ አቶ እንዳላማው እግራቸውን ሲያቃኑ፣ ለብ ያለ ውሃ የሚያቀብሉት ልጃቸው ወይዘሮ ወሰንየለሽ ነበሩ። አቶ ጸጋው እግራቸው ከዳነ በኋላም «አሁንም ይጠዘጥዘኛል» እያሉ ይመላለሱ እንደነበር ወይዘሮ ወሰንየለሽ እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ። በ1962 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እስከዳርን፣ ተስፋዓለምንና ሙሉብርሃንን ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

ወደ ሞተሩ የተመለሱት ገና እያነከሱ ነው። በዚያው በተሰበረው እግራቸው፣ በሙሉ ኃይላቸው ረገጡት፤ ተነሣ። «ግማሽ ርግጫ እግር ይሰብራል» የሚለው የዘወትር አባባላቸው የመጣው ከዚህ ነው። ልጅ ሲመክሩም፣ ባልና ሚስት ሲያስታርቁም ሌላ ምሳሌ አልነበራቸውም። ክትባቱ የታሸገበት በረዶ ሳይቀልጥ መድረስ ነበረበት፤ ሞተሩ አልነሣም ቢል የሚያልቀው የድሃ ከብት ነው። ስለዚህ ርቀው ከመሄዳቸው በፊት ካንዴላውን ፈትተው ይጠርጉ፣ ሰንሰለቱን ያጠብቁ፣ ቡሎኑን ሁሉ አንድ በአንድ ይነኩ ነበር። የእንግሊዝ ቡሎን በሌላ አገር መፍቻ ሲነካ አናቱ ይሟልጣል፤ በመሆኑም የሞተሩን መፍቻዎች በቆዳ ጠቅልለው ከራስጌያቸው ያስቀምጡ ነበር። ዳዊታቸውን ለጎረቤት ያውሳሉ፤ መፍቻቸውን ግን ለወንድማቸውም አላዋሱም።

ከሮብ ገበያ እስከ መርጡለ ማርያም ገበሬው የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ከብቱን ወደ መከተቢያው መንዳት ይጀምራል። ፈረሰኛ በፈረሱ ስም እንደሚጠራ ሁሉ፣ ሞተሩ «ርገጥ» ተባለ፤ እሳቸውም «አባ ርገጥ» ተባሉ።

ቤተሰቡ የማይደብቀው አንድ ስሕተት አለባቸው። በ1977 ዓ.ም. የሞተር ዘይት ሲጠፋ፣ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ለዐቢይ ጾም ያስቀመጡትን የኑግ ዘይት ሞተሩ ውስጥ ገለበጡት። ርገጥ ወጥ ወጥ እየሸተተ ደብረ ኤልያስ ድረስ ሄደ፤ እዚያ ሲደርስ ዘይቱ እንደ ሙጫ ያዘውና ቀጥ አለ። ተፈታትቶ በነጭ ጋዝ ታጥቦ እስኪገጠም ፋሲካ ደረሰ። «የጸጋው ሞተር ጾም ይዟል» ተብሎ ከተማው ሲስቅ ከረመ፤ ቤቱም ያን ጾም ያለ ዘይት ጾመ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ይቅር ያሏቸው መቼ እንደሆነ በትክክል አይታወቅም።

አቶ ጸጋው በ1992 ዓ.ም. በጡረታ ሲገለሉ መሥሪያ ቤታቸው «ከእርስዎ በቀር ለማን ይሆናል» ብሎ ርገጥን በስጦታ ሰጥቶ ሸኛቸው። በ2014 ዓ.ም. ግን ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ያዘው። ከሕመሙ ይልቅ የከበዳቸው የሞተሩ ዝም ማለት ነበር። ወንዶቹ ልጆች ሥራቸው አዲስ አበባ ነው፤ አጠገባቸው የነበረችው አዋላጅ ነርሷ እስከዳር ናት። አስጠርተው «አንቺ ትረግጪዋለሽ» አሏት። ወይዘሮ ወሰንየለሽ «እግርሽ ቢሰበር የሚያቃናልሽ አያትሽ እንደሁ የለም!» ብለው ተቆጡ። እስከዳር ፈራች፤ ፈርታም ረገጠች፤ መርገጫው ተመልሶ አጥር ላይ ጣላት። አባቷ ከወንበራቸው ሆነው «ከፈራሽ አትርገጪ፤ ከረገጥሽ አትፍሪ» አሏት። እሷም እያነከሰች ተመልሳ ረገጠችው። ሲነሣ አቶ ጸጋው እንደ ልጅ አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ስታስነሣ፣ እሳቸው ጋደም ብለው ድምፁን እያዳመጡ የሞተሩን ሕመም ይነግሯት፣ መፍቻውንም ከራስጌያቸው አውጥተው ይሰጧት ነበር።

ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፦ የአባታቸው ፈረስ እንደ ወጣ፣ ርገጥም ከአስከሬናቸው ፊት ለቅሶ እንዲወጣ። የእድራችን ዳኛ «ይህ በአገራችን አልታየም» ብለው ሲያመነቱ ቆይተው፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ እንዲሄድ ፈቀዱ። ነገር ግን ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ርገጥ አልነሣ ብሎ ነበር። ጎረቤቶች «ግድ የለም፣ ጎረምሶቹ ከኋላ ይገፉታል» ብለው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ። አቶ ጸጋው ግን ከአልጋቸው ቀና ብለው «ተገፍቶ ለቅሶ የወጣ ፈረስ የለም!» አሉ።

ሐሙስ ዕለት እስከዳር የሞተሩን እሳት ማመንጫ ፈትታ፣ እርጥበት የያዘውን ጠርጋ ገጠመችው። ከዚያ ገብታ ነገረቻቸው።

«እሳቱ ቀይ ነው ወይስ ሰማያዊ?» አሏት።

«ሰማያዊ ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲያማ ቀሪው የእግርሽ ነው» ብለው ዓይናቸውን ከደኑ።

በማግሥቱ ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በ80 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ትናንት ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ለነገ እንዳታፍሪ እስኪ አንዴ ሞክሪው» ቢላት፣ እስከዳር «ሙከራ ግማሽ ርግጫ ነው» ብላ እንቢ አለች። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሲታተም ርገጥ ይነሣ አይነሣ ከእኛ የሚያውቅ ሰው የለም።

አቶ ጸጋው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወሰንየለሽን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና በየመንደሩ በእጃቸው ከተከተቡት የተዋለዱ ከብቶችን ትተው ሄደዋል። ሲታመሙ የጠየቃችሁ፣ ዛሬም ልትሸኟቸው የወጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። የድሃውን በሬ ያልረሱትን አገልጋዩን ገብረ ሚካኤልን አምላካችን አይርሳቸው፤ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ፤ አሜን።

አስከሬናቸው አሁን ከቤት ይወጣል። ለቀስተኛ ለጥቂት ጊዜ ድምፁን ያሳርፍ፤ ጎረምሶችም ከሞተሩ ኋላ ዘወር በሉ። እስከዳር ትረግጣለች።